ወንድሜ ያለበት ማኅበር ልጄን ያስተምርልኛል ወይ?

«እህቴ፣ እንደምን አለሽ። የምጽፍልሽ ከኮምቦልቻ ነው። አንድ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ስሠራ 17 ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሁለት ልጆቼን የማሳድገው ብቻዬን ነው። ትልቋ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ማሻ አላህ፣ ጎበዝ ናት። ወንድሜ አሜሪካ ሆቴል ውስጥ ይሠራል፤ እዚያ የሠራተኛ ማኅበር አባል ነው። በቀደም ሲደውል ‹ማኅበሩ ለአባላት ልጆች የኮሌጅ ስኮላርሺፕ ይሰጣል› አለኝ። ይህንን ለጎረቤቴ ሳወራ ደሴ ውስጥ የሚያስጨርስ ቢሮ አለ አለችኝ። ሄድኩ። ሰውየው ‹የማኅበር ስኮላርሺፕ እናውቃለን፣ ፎርሙን እኛ እንሞላለን፣ 40 ሺህ ብር ነው› አለኝ። ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ሲሳካ። በሚቀጥለው ወር እቁብ ይደርሰኛል። ልስጠው? ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። እኔም እኮ የማኅበር አባል ነኝ። በየወሩ ከደመወዜ ይቆረጣል። የእኛ ማኅበር ለምን እንዲህ ያለ ነገር የለውም?

የማሸጊያ ክፍሏ እናት»

እህቴ፣ ብሩን አትስጪው። ቀሪውን ደብዳቤ ሥራ በዝቶብሽ ባታነቢው እንኳን ይችን ያዢልኝ። እቁብሽ ሲደርስሽ ባንክ አስገቢው። ለልጅሽ የሚያስፈልግበት ቀን ሩቅ አይደለም።

ወንድምሽ የነገረሽ ግን ውሸት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የሠራተኛ ማኅበራት ለአባሎቻቸው ልጆች የኮሌጅ ገንዘብ ይሰጣሉ። ቲምስተርስ የሚባለው የከባድ መኪና ሾፌሮችና የመጋዘን ሠራተኞች ማኅበር በቀድሞ ፕሬዚዳንቱ በጄምስ ሆፋ ስም የተቋቋመ የትምህርት ፈንድ አለው። ብዙ ማኅበራትን በአንድ ላይ የሚያገለግል ዩኒየን ፕላስ የሚባል ፕሮግራምም አለ። ይሄ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1991 ጀምሮ ሲሠራ የቆየ ነው። ለአንድ ተማሪ የሚሰጠው ከ500 እስከ 4,000 ዶላር ነው። ማመልከት የሚችለው አባሉ ራሱ፣ የትዳር ጓደኛውና በእሱ ሥር የሚተዳደሩ ልጆቹ ናቸው። አባሉ ቢያንስ አንድ ዓመት በማኅበሩ የቆየ መሆን አለበት።

እንግዲህ አንቺን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። ልጅሽ የወንድምሽ ልጅ አይደለችም፤ የእህቱ ልጅ ናት። በእኛ አገር አጎት አባት ነው። ያሳድጋል፣ ይድራል፣ ያስተምራል። እነሱ ፎርም ላይ ግን የሚጠየቀው ዝምድናው ሳይሆን በሕግ በማን ሥር እንደምትተዳደር ነው። ኮምቦልቻ ከእናቷ ጋር የምትኖር ልጅ በወንድምሽ አባልነት ማመልከት አትችልም። ቢቻል እንኳን 4,000 ዶላር ከውጭ ለሚመጣ ተማሪ የአንድ ዓመት ወጪውን አይሸፍንም። ስለዚህ ይሄን በር ለልጅሽ አትቁጠሪው።

ለወንድምሽ ግን አንድ ነገር ንገሪልኝ። እሱ ራሱ ልጆች ካሉት ያመልክትላቸው። ማኅበሩ እሱ በሚሠራበት ከተማ ቅርንጫፍ ይኖረዋል፤ እዚያ ሄዶ ይጠይቅ። ሁለት ፈረቃ የሚሠሩ ወገኖቻችን መዋጮ እየከፈሉ ምን እንደሚያስገኝላቸው ሳያውቁ ዓመታት ያልፋሉ። ልጁ ያንን ገንዘብ ካገኘ እሱም ለእህቱ ልጅ የሚተርፈው ይኖረዋል።

አሁን ወደ ደሴው ሰውዬ ልመለስ። የዩኒየን ፕላስ ማመልከቻ በነፃ ነው። ማንም ሰው ስልክና ኢንተርኔት ካለው ራሱ ይሞላዋል። ከፎርሙ ዋና ጥያቄዎች አንዱ የወላጅ የማኅበር አባልነት መረጃ ነው። ሰውየው ያንን ከየት ያመጣዋል? ወይ በሐሰት ይሞላዋል፣ ወይ ጭራሽ አይሞላውም። ሁለቱም ጉዳት ናቸው። ሁለተኛው ብርሽን ያስቀርብሻል። የመጀመሪያው ይብሳል። በሐሰት ማስረጃ ቪዛ የጠየቀ ሰው አሜሪካ እንዳይገባ ዕድሜ ልኩን ሊከለከል ይችላል። ልጅሽ ነገ በራሷ ውጤት ዕድል ብታገኝ ዛሬ የተሞላው ውሸት ይዘጋባታል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ለራሱ ዜጎች ሳይቀር የሚያስጠነቅቀው ይሄንኑ ነው። ስኮላርሺፕ ለመስጠት አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ራቁት ይላል።

«ግማሹ ሲሳካ» ማለቱ እንዳያታልልሽ። የመጀመሪያው 20 ሺህ ለእሱ በቂው ነው። ከአሥር እናት 20፣ 20 ሺህ ከተቀበለ መሳካት አያስፈልገውም። ጎረቤትሽንም አስጠንቅቂያት። አንቺን ወደዚያ የላከችሽ በክፋት አይደለም፤ እሷም የሰማችውን ነው የነገረችሽ።

አሁን አገር ቤት እንግባ። ልጅሽ እዚሁ ስትማር የሚያስፈልጋት ገንዘብ ምን ምን ላይ እንደሚወጣ በደንብ ማወቅ አለብሽ። አሜሪካኖቹ ስኮላርሺፕ የሚሉት በዋናነት የኮሌጅ ክፍያ ለማገዝ ነው። እኛ ጋ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

12ኛ ክፍልን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ አምጥታ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተመደበች፣ ስትገባ ክፍያ አትጠየቅም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው አሠራር ወጪ መጋራት ነው። ተማሪው ኮስት ሼሪንግ ብሎ የሚጠራው ማለት ነው። የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 ከመቶውን ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ እየተቆረጠ ትመልሳለች። ውል ትፈርማለች፤ አትደንግጪ።

ታዲያ እናቶችን የሚያስጨንቃቸው ምንድን ነው? መንገዱ ነው። ምደባው ጎንደር ወይም ጅማ ሊሆን ይችላል። ብርድ ልብሱ፣ አንሶላው፣ ሻንጣው ነው። ኮምፒውተር የሚጠይቅ ትምህርት ከደረሳት ላፕቶፑ ነው። ሃንድአውት ኮፒው፣ የንጽሕና ዕቃው፣ ስትታመም መድኃኒቱ ነው። ሴት ልጅ ሩቅ አገር ሄዳ ኪሷ ባዶ ሲሆን የሚደርስባትን አንቺም እኔም እናውቃለን። ከወሎ ተነስተው በውጤት ሳይሆን በዚህ ትንንሽ ወጪ ትምህርት ያቋረጡ ልጆች አውቃለሁ።

ውጤት ካልመጣ ደግሞ ወጪው ይለወጣል። ይሄን የምጽፈው ልጅሽን ለማስፈራራት አይደለም። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ውጤት ሲመጣ 50 ከመቶ ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ቢልም አሁንም አብዛኛው ልጅ አያልፍም። ጎበዝ የምንላቸውም ወድቀዋል። ለዚህ ነው ሁለተኛ በር ማሰብ ያለብሽ። ከማለፊያው ብዙ ላልራቁ ሪሜዲያል የሚሉት የማካካሻ ትምህርት ሲኖር አንድ መንገድ ነው። ቴክኒክና ሙያ ሌላ መንገድ ነው፤ ፋብሪካ በበዛበት በእኛ ከተማ ኤሌክትሪክና ማሽን የሚያውቅ ልጅ ሥራ ፈልጎ አያጣም። የግል ኮሌጅ ሦስተኛው ነው፤ እዚያ ግን ክፍያው ከደመወዝሽ ጋር ይጋጫል። እቁቡን ባንክ አስገቢ ያልኩሽ ለዚህም ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ያነበብኩት በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው።

አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዓመት የክፍሉ ሠራተኞች አንድ ወረቀት አዙረው ብር አዋጡልኝ። ወረቀቱን አሁንም አስቀምጨዋለሁ። 5 ብር ይላል፣ 3 ብር ይላል፣ 10 ብር ይላል፤ ከጎኑ ፊርማ አለ። ብርድ ልብስና ሻንጣ የገዛሁት በዚያ ነው። የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ስንደርስ አባቴ ዝም ብሎ ሻንጣውን ሲያይ ትዝ ይለኛል። በዓመቱ የአንድ የሥራ ባልደረባው ልጅ ገባ። ለእሱ ወረቀት አልዞረም። ለምን? አባትየው ዝምተኛ ነበር፤ ከአለቆችም አይግባባም። ወረቀት የሚያዞርለት ሰው ጠፋ። ልጁ ከእኔ የተሻለ ውጤት ነበረው። ወር ሳይሞላው ተመለሰ። እኔ የሄድኩት አባቴ ጨዋታ አዋቂ ስለነበር ነው ማለት ነው። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ከቅሬያችን፣ ሌላው አገር እድር ከሚለው፣ ጋር አስተያዪው። ቅሬ ውስጥ ሰው ሲሞት ሟቹ ይወደድ ነበር ወይ ተብሎ አይጠየቅም። አባል ነው፣ ከፍሏል፣ ይቀበራል፣ ቤተሰቡ ይጽናናል። በስምምነት የተያዘ ነው። ለመቀበር እንዲህ የጠነከረ ደንብ ያለን ሰዎች፣ ልጅ ለማስተማር ግን የምንጠብቀው የሰው ደግነት ነው። እኔ ከአሜሪካኖቹ መውሰድ የምፈልገው ዶላሩን አይደለም። የአባል ልጅ ስለሆነ ብቻ በተጻፈ ደንብ መጠየቅ መቻሉን ነው።

ይሄን የእናንተም ማኅበር ማድረግ ይችላል። መንገዱ ሁለት ነው። እኔ ሁለቱንም ጎን ለጎን ብትሄዱበት እመርጣለሁ።

አንደኛው የኅብረት ስምምነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛ ማኅበር ከአሠሪው ጋር ስለ ሥራ ሁኔታና ስለ ሠራተኛው ጥቅም ተደራድሮ በጽሑፍ እንዲፈራረም መብት ይሰጣል። ማኅበሩ ረቂቁን አዘጋጅቶ ድርድር በጽሑፍ ሲጠይቅ አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። አንዴ የተፈረመ ስምምነት ሌላ ነገር ካልተጻፈበት በስተቀር ሦስት ዓመት ሳይሞላው አይነካም። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቂው ይሄንን ነው፦ የእኛ ስምምነት መቼ ነው የሚያበቃው? ሊያበቃ ከተቃረበ ጊዜው አሁን ነው። ገና ከተፈረመ ቀሪውን ጊዜ ለዝግጅት ተጠቀሙበት። ብዙ ሠራተኛ ስምምነቱን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። አንቺ ኮፒውን ጠይቂና አንብቢው። ልጅሽ ታንብብልሽ፤ ለእሷም ትምህርት ነው። ምናልባት «የትምህርት ድጋፍ» የሚል አንቀጽ አለና ማንም ጠይቆት አያውቅ ይሆናል።

አሠሪው «ገንዘብ የለም» ሊል ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ የብዙ ፋብሪካ ዕቃ ተዘርፏል፣ ማሽን ተሰብሯል። ከዚያ ያላገገመም ይኖራል። ይሄን ማመን ተገቢ ነው። ግን የምትጠይቁት ደመወዝ ጭማሪ የሚያህል ነገር አይደለም። በዓመት ለተወሰኑ ልጆች መንገድና ብርድ ልብስ ነው። ብር ባይሰጥ በየቦታው ጭነት የሚሄዱ መኪናዎች ሊኖሩት ይችላል፤ የተመደቡ ልጆችን ሻንጣ ያድርስ። በክረምት ዩኒቨርሲቲ ያሉ የሠራተኛ ልጆችን ለሁለት ወር በጊዜያዊነት ቀጥሮ ያሠራ። ለፋብሪካው ቀላል ነው፤ ለልጅ ግን የዓመት የኪስ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የራሳችሁ ፈንድ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ማኅበራችሁ 600 አባል አለው እንበል። እያንዳንዱ በወር 10 ብር ቢጨምር በወር 6,000 ነው። በዓመት 72,000 ብር። በዓመት ስምንት ልጅ ቢያልፍ ለእያንዳንዱ 9,000 ብር ይደርሳል። ላፕቶፕ አይገዛም። መንገዱን፣ ብርድ ልብሱንና የመጀመሪያዎቹን ወራት ግን ያሻግራል። የሚከብደውም የመጀመሪያው ሴሚስተር ነው። አሥር ብር ዛሬ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ቢሆንም ከደመወዝ የሚቆረጠው ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነውና ማንንም በግድ አታስገቡ። ያልፈለገ ይቅር።

አንድ ነገር ደግሞ ከዩኒየን ፕላስ እንማር። ስኮላርሺፑን ከሚደግፉት አንዱ የማኅበር አባላት የሚጠቀሙበትን ክሬዲት ካርድ የሚያቀርበው ድርጅት ነው። ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲሆን ነጋዴ ይፈልገዋል፤ እነሱ ያንን ተጠቅመውበታል። የእናንተስ? የ600 ሰው ደመወዝ በየወሩ የሚገባበት ባንክ አለ። ያ ባንክ እናንተን ማጣት አይፈልግም። ሊቀመንበሩና ሁለት አባላት ሥራ አስኪያጁን ቀጠሮ ይዘው ያነጋግሩት። «የአባሎቻችንን ልጆች የትምህርት ፈንድ ደግፉልን» ይበሉት። አይሆንም ቢላቸው ምንም አይጎድልባቸውም።

ፈንዱ እንዳይፈርስ የምፈራው ግን በገንዘብ እጥረት አይደለም። በሐሜት ነው። «የሊቀመንበሩ ልጅ ወሰደ» የሚል ወሬ አንዴ ከተነሳ መዋጮው በሦስት ወር ይደርቃል። ስለዚህ ልጁ ወይም የቅርብ ዘመዱ የሚያመለክት ሰው በዚያ ዓመት ኮሚቴ ውስጥ አይግባ። ማን እንዳመለከተ፣ ለማን ስንት እንደተሰጠ፣ ባንክ ስንት እንደቀረ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ከባንክ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ይሁን። በሥራ ላይ የሞተ ወይም አካሉ የጎደለ ሠራተኛ ልጅ ቅድሚያ ይኑረው፤ ይሄን ማንም አይቃወምም። ውጤት ብቻ መለኪያ እንዳይሆን ደግሞ አደራ። የጽዳት ሠራተኛ ልጅ፣ ማታ እናቷን እያገዘች የተማረች ልጅ፣ ማስጠኛ ከተከፈለላት ልጅ በሁለት ነጥብ ብታንስ አትበልጥም ወይ? ቴክኒክና ሙያ የሚገባውንም አትርሱት። እዚያ የሚማር ልጅ ለፋብሪካው ይበልጥ ቅርብ ነው።

ለመናገር ትፈሪ ይሆናል። ይገባኛል፤ ብቻሽን የምታሳድጊ እናት ነሽ። በማኅበር አባልነትሽ ወይም በሕጋዊ የማኅበር እንቅስቃሴ በመሳተፍሽ ከሥራ ሊያሰናብቱሽ እንደማይችሉ ያው አዋጅ በአንቀጽ 26 ላይ በግልጽ አስፍሯል። ቢሆንም ብቻሽን አትነሺ። ከክፍልሽ አምስት ስድስት እናቶችን አነጋግሪ። ቡና ላይ አንሱት። ልጆቻቸው ገና ስምንተኛ ዘጠነኛ ክፍል ያሉትን በተለይ ጥሪያቸው፤ ይሄ ነገር ይበልጥ የሚጠቅመው እነሱን ነው። የእናንተ ማኅበር መሪዎች እንዴት እንደሚጻፍ ካላወቁ ያሉበትን ፌዴሬሽን ይጠይቁ። ከላይ ደግሞ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ፣ አለ። በየወሩ የምትከፍሉት መዋጮ እንዲህ ላለው ምክር ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ዘንድሮ ለልጅሽ ይደርሳል ብዬ አልዋሽሽም። ድርድር ጊዜ ይፈልጋል፤ ፈንድም ለመሙላት ወራት ይፈልጋል። የዘንድሮውን በእቁብሽና በወንድምሽ ተወጪው። ለታናሽየው ግን ሊደርስ ይችላል። ልጅሽን እስከ ፈተናው ድረስ በአሜሪካ ወሬ አታባክኛት። የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ካለ ትሂድ፣ የቀድሞ ዓመታት ጥያቄዎችን ትሥራ፣ እንቅልፏን ትተኛ።

ለመነሻ ይሆንሽ ዘንድ አንድ አንቀጽ ጽፌልሻለሁ። ወደ ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ነው። የጎደለውን እናንተ ሙሉት፦

«እኛ ስማችን ከዚህ በታች የሠፈረ አባላት፣ የአባላት ልጆች ወደ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ቴክኒክና ሙያ ሲገቡ የመጀመሪያ ዓመት ወጪያቸውን የሚያግዝ የትምህርት ፈንድ እንዲቋቋም፣ አሠሪውም የበኩሉን እንዲያደርግ ጉዳዩ በቀጣዩ የኅብረት ስምምነት ድርድር እንዲካተት፣ አጀንዳውም በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እንዲያዝልን እንጠይቃለን።»

በእጅ ጻፊው፤ ይበቃል። አስፈርሚበት። ለጸሐፊው ስትሰጪ ሁለት ኮፒ ያዢ። አንዱን ይቀበልሽ፤ በሌላው ላይ የተቀበለበትን ቀን ጽፎ ይፈርምልሽና ይዘሽው ወደ ቤት ግቢ።